አራት ጣት

ከሐዋሳ መናኸሪያ ኋላ፣ ባጃጅ በሚዞርበት፣
ከአንዲት ዋርካ ሥር፣ ከጎማ ጠጋኙ ፊት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወስፌ ጨብጫለሁ።
ሰው በፊቱ አላውቅም፤ በእግሩ እለየዋለሁ፦
የመምህሩ ተረከዝ በውጭ ጎን ያልቃል፣
የዘበኛው ሶል ከፊት ቀድሞ ይላቀቃል፣
ከአሞራ ገደል የሚመጣው ዓሣ ገፋፊ ልጅ፣
ጫማውን ሳራግፈው ቅርፊት ይሞላል ደጅ።

ዳንጊሴን ግን በድምፅ።
ጠቅ— ድም። ጠቅ— ድም።
ኮብልስቶኑን አንዱ ቀሎ አንዱ ከብዶ ሲረግጥ
ሰምቼ፣ ገና ሳትደርስ፣ ጎማ አነሣለሁ ልቆርጥ።

ግራ እግሯ ያጥራል፣ አራት ጣት ሙሉ።
«ከእናቷ ሆድ ነው» ይላሉ፤ ሌላም ሌላም ይላሉ።
እኔ የማውቀው ጎማ ነው። ሦስት ድርብ ቆርጬ፣
ማስቲሽ ቀብቼ፣ እፍ ብዬ፣ በመዶሻ ቀጥቅጬ፣
«በይ ቁሚ እስቲ» እላትና፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ
ትከሻዋን እለካለሁ፣ እንደ ግንበኛ ሆኜ።

አንድ ቀን ብቻ፣ ዝናብ ከላስቲኬ ሥር ቢያስገባት፣
አወራችኝ፣ ሳልጠይቃት፦
«ላሊሶ፣ ዘነዘና ከሙቀጫው ወጥቶ
መሬት ሲወቅጥ አይተሃል? ስቶ፣ ስቶ፣ ስቶ?
ዳሌዬ እንደዚያ ነው። የጭኔ አጥንት አናቱ
ሲፈጠር ጀምሮ አልገባም ከቤቱ።
ወጌሻው ሦስቴ አሸኝ፤ ቅቤው አለቀ፣ ሕመሙ አላለቀም።
አሁንማ ሌሊቱም ሌሊት አይደለም።»

ከፍቼ ማግሥት ጠፋች። አንድ ወር። ሁለት።
አንዷ «እግሯን ሊቆርጡት ነው» አለች፣ ሌላዋ «ቆረጡት»።
በኋላ በራሳ መጣ፣ የወንድሟ ልጅ፣ ስኒከሩን ሊያሰፋ፤
«ሲንጀሯን ሸጠች» አለኝ፣ «ለብረቱ። ዕቁቧም አብሮ ጠፋ።
አጥንቷን ከጭኗ ላይ አሳጠሩ፣ ቤቱን ቆፈሩለት፣
ሎሚ የሚያህል ብረት አስገብተው ገጠሙለት።»
«መዶሻ አላቸው?» አልኩት።
«አላቸው። መጋዝም፣ ሞረድም።»
«ማስቲሽስ?»
«እሱም አለ» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ያን ሌሊት ጫማ ሰፊ መሰሉኝ፣ ነጭ ለብሰው፣
አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እግሯን ከመብራት ሥር አንተርሰው።
ደግሞ ፈራሁ፦ የኔ ሶል ቢላቀቅ ነገ ትመጣለች፤
የእነሱ ቢላቀቅ የት ትሄዳለች?

ትናንት ከሰዓት፣ አባ ኮዳዎች ጣራው ላይ ክንፍ ሲያደርቁ፣
ጥላ ቆመብኝ። ድም ያለ አልሰማሁም፣ በቅርቡም ሆነ በሩቁ።
«ምን ይሠራ?» አልኩ፣ ቀና ሳልል። የግራ ጫማ፣ ብቻውን፤
የራሴን ስፌት ነው ያወቅሁት፣ የራሴን ጎማ ድርቡን።
«ንቀልልኝ» አለች። «አራቱንም ጣት።»
ሁለት የምርኩዝ ጫፍ አየሁ፤ ላቧ ጠብ አለ ከመሬት።
«ጣቶቼ ገና ይደነዝዛሉ» አለች፣ «እግሬም አላመነም፤
እኩል ሆኖ እንኳ ያነክሳል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ጀንበር አይረሳም።»

ነቀልኩ። ሚስማሩ ዝጎ፣ አንዱ ተሰብሮ ቀረ፤
ከሁሉም ሥር የፋብሪካው ሶል፣ መሬት ሳይረግጥ የኖረ፣
አዲስ ነበር።

ያኔ ነው ቀና ያልኩት።
ከቅንድቧ በላይ ጠባሳ አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላየሁት።

«ጎማውስ?» አልኩ። «ስጠው» አለች፣ «ለባጃጅ ጭቃ መግቻ።»
ሃያ ብር ሰጥታኝ ሄደች፣ በዝግታ፣ በምርኩዟ ድምፅ ብቻ።

ምርኩዙን የጣለች ዕለት
በደጄ ታልፋለች፣ እኔም አልሰማት፤
ኮብልስቶኑ ላይ ማታ ስንቱ ያልፋል፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤
የቷ እንደሆነች፣ ቀና ካላልኩ፣ በምን ልወቅ?